ጋዜጣ ላይ ካርቱን መሳል ለምታስቡ፦ እኔ የሰራኋቸውን ስህተቶች አትድገሟቸው

የመጀመሪያዋ ካርቱኔ የወጣች ሳምንት አምስት ኮፒ ገዛሁ። 1991 ላይ ነው፣ ጋዜጣው አዲስ አበባ ታትሞ በአውቶቡስ ነው ድሬ ሚገባው፣ አርብ የወጣው እኛ ጋ ቅዳሜ ከሰአት ይደርሳል፣ እኔ ደሞ ከጠዋት ጀምሮ ከዚራ ሰፈር አዟሪው አጠገብ ተገትሬ ውዬ ልክ እንደመጣ አምስቱንም ይዤ በሩጫ ቤት ገባሁ። አባቴ ምድር ባቡር የጥገና አትልዬ ውስጥ ብረት ሲሞርድ ያረጀ ሰው ነው። መነጽሩን አደረገ፣ ጋዜጣውን አቀረበ፣ አራቀ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ እንደገና አየና "ዝንቦቹ ምን እያረጉ ነው?" አለኝ።

ዝንቦቹ ጠረጴዛ የከበቡ አራት የቢሮ ኃላፊዎች ነበሩ። እኔ የሳልኩበት ወረቀት ላይ የግንባራቸው ሽብሽብ ሳይቀር ይቆጠራል። ጋዜጣው ላይ ግን አራት ጥቁር ጠብታ።

ከዛ በኋላ ሃያ አመት ምናምን ሳልኩ። አሁን አሁን ከሳቢያን ሰፈርም ከሐረርም ልጆች ስራቸውን በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እውነቴን ነው የብዙዎቹ እጅ ከኔ ይሻላል፣ ግን ሚሳሳቱት እኔ በተሳሳትኩበት ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ ከመመለስ ሰብሰብ አርጌ ልጻፈው አልኩ። ቅደም ተከተሉን እንዳታስቡት፣ እንደመጣልኝ ነው። "አንተ" እያልኩ ምጽፈውም ለአፌ ስለሚቀናኝ ነው፣ አንቺም ብትሆኚ ያው ነው።

1. የጋዜጣ ወረቀት መሆኑን መርሳት

የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይጠጣል። በጣም ቀጭን መስመር ይበጣጠሳል፣ ተጠጋግቶ የተጫረ ጥላ ደሞ ቀለሙ ሲስፋፋ እርስ በርሱ ይገጥምና ጥቁር ጭቃ ይሆናል። በዛ ላይ አንተ ኤፎር ሙሉ የሳልከውን እነሱ ሁለት ዓምድ ውስጥ ነው ሚከቱት። ስለዚህ ከሚታተመው አንድ ተኩል ወይ እጥፍ አርገህ ሳል፣ ግን ሲያንስ እንዴት እንደሚሆን እያሰብክ መስመሩን አወፍረው። እኔ እስካሁን ምጠቀምበት ዘዴ ስዕሉን በስልክ አንስቼ ስክሪኑ ላይ የክብሪት ቀፎ እስኪያክል ማሳነስ ነው። ማን ምን እያረገ እንደሆነ ካልታየኝ ወረቀት እቀይራለሁ።

ፊደላችን ደሞ የራሱ ጣጣ አለው። ካዕብና ሳልስን የምትለያቸው አንዲት ቅጥያ ናት፣ ወይ መሃል ላይ ወይ ታች። አንዴ ስለ አፈሳ ስስል ፖሊሱ ሶስት ጎረምሶችን "ቁሙ!" ይላል፣ ታትሞ ሲመጣ "ቁሚ!" ሆኖ አረፈው። ከተማው በሙሉ እኔ ባላሰብኩት ነገር ሳቀ። እስካሁን "ቁሚ" እያሉ ሚጠሩኝ የሰፈር ልጆች አሉ። ስለዚህ ፊደልህን ትልቅ፣ ሰፋ ያለ፣ ቅጥያውን ጎላ አርገህ ጻፍ፣ ቃሉንም ቀንስ፣ ቦታ ከሌለህ መጀመሪያ ሚወጣው ቃሉ እንጂ ስዕሉ አይደለም።

አላላኩም ላይ ብዙ ሰው ይበላሻል። እኛ በፋክስ ስንልክ መስመሩ እንደ መሰላል እየተቆራረጠ ይደርስ ነበር፣ ሲሰለቸኝ ኦሪጅናሉን ፖስታ ውስጥ አርጌ ለአውቶቡስ ሾፌር መስጠት ጀመርኩ። እናንተ ደሞ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ትልካላችሁ፣ ይጨምቀውና ጠርዙ ሁሉ ይሻክራል። እንደ ፋይል ነው ሚላከው። ስካን ስታረግ ለጥቁርና ነጭ መስመር ቢያንስ 600 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መለኪያ ነው)። ድሬ ላለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፣ በሙቀቱ ክንድህ ያልበውና ያልደረቀውን ቀለም ይዞልህ ይሄዳል፣ ከእጅህ ስር ሌላ ወረቀት አርግ፣ ወይ እንደኔ ከንጋቱ 11 ሰአት ተነስተህ ሳል። ሐረር ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል፣ ብርዳችሁ ለቀለም ጥሩ ነው።

2. ደረቱ ላይ ስም መጻፍ

ሰውየውን ማስመሰል ሲያቅትህ ኮቱ ላይ ስሙን ትጽፋለህ። ቦርሳው ላይ "ሙስና"፣ ድንጋዩ ላይ "የኑሮ ውድነት"፣ ልጁ ላይ "ህዝብ"። የላኩልኝን ስቆጥር አንዱ ስዕል ላይ ዘጠኝ ጽሁፍ አገኘሁ፣ ፀሐይዋ ላይ ሳይቀር "ተስፋ" ተጽፏል። አቦ ይሄ እኮ ስዕል ሳይሆን የመጋዘን ዝርዝር ነው።

መመሳሰል አፍንጫ ላይ ነው ብሎ ሚያስብ ሰው ብዙ ነው። እናትህ ከመንገዱ ማዶ ስትመጣ በምን ነው ምታውቃት? ፊቷን ሳታይ እኮ ነው፣ ባረማመዷ፣ ነጠላዋን በምታጣፋበት ሁኔታ። ባለስልጣኑንም እንደዛ ነው ማጥናት ያለብህ። ቲቪው ድምጹ ይዘጋና ሰውየው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እጁን የት እንደሚያረግ፣ ሲዋሽ አንገቱ ምን እንደሚሆን ታያለህ። እኔ አንድ ሰውዬ ለወራት አልመስል ብሎኝ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት በወንበር አያያዙ ነው፣ ወንበሩን ሰው እንዳይወስድበት ይመስል በሁለት እጁ ጥርቅም አርጎ ይዞ ነበር ሚቀመጠው። ከዛ በኋላ ፊቱን ባልስለውም ሰው ያውቀዋል።

አንዴ ከያዝከው ደሞ ኃይሉ ቀላል አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ሻርል ፊሊፖን ሚባል የጋዜጣ ባለቤት ንጉሡን ሉዊ ፊሊፕን ተሳድበሃል ተብሎ በ1831 እ.ኤ.አ ፍርድ ቤት ሲቆም እዛው ወረቀት አውጥቶ የንጉሡን ፊት በአራት ደረጃ ወደ ፒር ፍሬ ሲቀየር ሳለው፣ ከነዚህ የትኛው ላይ ነው ወንጀሉ ሚጀምረው ለማለት ነው። ተፈረደበት፣ ፒሩ ግን ከንጉሡ ጋር ቀረ፣ በየግድግዳው ሚሳለው ፒር ሆነ። እሱ ጋር ሚሰራው ዶሚዬ ደሞ ንጉሡን ሆዱ ሰፍቶ በረጅም ሳንቃ ላይ ሚወጣለትን የህዝብ ገንዘብ ሲጎርስ ስሎ በ1832 ስድስት ወር ተፈረደበት። አሜሪካ ውስጥ ቶማስ ናስት ኒውዮርክን ሲዘርፍ የነበረውን ትዊድን መላልሶ ሳለው፣ ሰውየው ከእስር አምልጦ ስፔን ሲገባ በ1876 የተለየው በናስት ካርቱን ነው። ደረቱ ላይ "ትዊድ" ብሎ ብቻ ቢጽፍ ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?

3. የሰው ምልክት መዋስ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከኢንተርኔት ካርቱን ስታይ ትከርምና ራስህ ሳታውቀው ምልክታቸውን ትወርሳለህ። ምትሰጥም መርከብ፣ ሞት ማለት ማጭድ የያዘ አጽም፣ ሃሳብ ማለት የበራ አምፖል። አንድ ሻይ ምታፈላ እትዬ አለችኝ፣ አሸዋ ገበያ አጠገብ፣ ስራዬን ሁሉ ከማስረከቤ በፊት ለሷ ነው ማሳየው፣ ጋዜጣ አታነብም ግን ከሷ ዓይን ሚያመልጥ ነገር የለም። ያንን አጽም ሳሳያት "ይሄ የተራበ ሰው ምን ሊያጭድ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው እኮ። ባጃጅ አላት ድሬ፣ ደረቅ አሸዋ ወንዝ አላት፣ ገመል አላት፣ ሃዲድ አላት፣ ከፊራ ገበያ አላት፣ አንተ መርከብ ትስላለህ።

አገርኛ ሲሆንም ግን ዝም ብሎ ሚሰራ እንዳይመስልህ። አንድ ጊዜ ስለ መሬት ነጠቃ ስስል ነጣቂውን ጅብ አረግኩት። መሃል አገር ላደገ ሰው ጅብ ማለት ሆዳም ነው፣ አለቀ። ጋዜጣው ሐረር ሲደርስ ጀጎል ውስጥ ያለ ጓደኛዬ ደወለልኝ፣ "ጅቡ ምን አረገህ?" አለኝ፣ የምሩን ነው። እዛ እኮ ጅብ ማታ ማታ ስጋ ሚጎርስ የከተማ ነዋሪ ነው፣ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ቆሻሻ ጠርጎ ሚወጣ፣ በአሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ተሰርቶ ሚቀርብለት፣ አበላሉ ታይቶ የዘመኑ ነገር ሚገመትበት። እኔ ሌባውን ሰደብኩ ብዬ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ሌባው የተከበረ እንግዳ ሆኖ አረፈ። ጓደኛዬ እንደውም ነጣቂውን ያሞገስኩት መስሎት ነበር መጀመሪያ።

ተረትና ምሳሌም እንደዛው። "ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል" ለካርቱን የተፈጠረ ነው ሚመስለው፣ እኔም ስንት ጊዜ ሰርቼበታለሁ። ግን ድሬ ውስጥ አንድ ባጃጅ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተደባልቆ ነው ሚወራው፣ አማርኛ በደንብ ሚያነብ ሰው ሁሉ በአማርኛ ተረት አላደገም። ተረቱን ለማያውቀው ሰው ጅራፉ ጅራፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ተረቱን ሳያውቅም ሚያስቅ ነገር ስዕሉ ውስጥ መኖር አለበት፣ ጅራፉ ሲጮህ አፉ የት ጋ ነው? ማንን ነው ሚያየው? እዛ ላይ ነው ስራው። ጽሁፉን በጣትህ ሸፍነህ ማየት ነው፣ ተሸፍኖም ትንሽ ፈገግ ካሰኘ አለፈ።

4. ወርቁን በጣም መቅበር

ያው የቅኔ አገር ሰው ነን፣ ሰምና ወርቅ ይቀናናል። ግን ቅኔ ሚሰማ ሰው ወርቅ እንዳለ አውቆ ጆሮውን አቅንቶ ነው ሚቀመጠው። ጋዜጣ ገላጭ ግን ማኪያቶ በአንድ እጁ ይዞ የስፖርት ገጽ እየፈለገ ነው፣ አንተ ያለህ አራት አምስት ሰከንድ ነው፣ ወርቁን ሁለት ክንድ ከቀበርከው ሳያየው ያልፋል። ለጓደኞችህ አስረድተህ "ኦው!" ካሉህ ያ ካርቱን ወድቋል ማለት ነው፣ ሁሉም ጋ እየሄድክ ልታስረዳ ነው?

5. ሰው ላይ በተወለደበት ነገር መሳቅ

ድሮ ባቡሩ ከጅቡቲ ሲገባ የኮንትሮባንድ እቃ ቀሚሳቸው ስር ጠቅልለው ሚያመጡ ሴቶች ነበሩ፣ ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃቸዋል፣ የኮንትሮባንድ ገበያው ታይዋን ተራ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። እኔ ጀማሪ እያለሁ አንዷን ሳልኩ፣ ሰባት ሱሪ ደራርባ እንደ በርሜል ስትንከባለል። አስቂኝ ነበር፣ ሰውም ሳቀ። ሰኞ እለት ሻይ ቤት ስገባ እትዬዋ ሻዬን አስቀመጠችና "እህቴን ሳልካት አሉ" አለችኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ ስኳሩን ግን ረሳች፣ ሆን ብላ ይመስለኛል።

ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ ያቺ ሴትዮ በዛ ሙቀት ሰባት ሱሪ ደርባ ምትሄደው ልጆቿን ልታበላ ነው፣ እቃውን ግን ጭነት ሙሉ ሚያስገባ ሌላ ሰውዬ አለ፣ ሱፍ ለብሶ፣ እሱን ግን አልሳልኩትም፣ ለምን? አስቸጋሪ ስለሆነ። ቀላሉን ሰው መሳል ስንፍና ነው።

ከዚህ የባሰው ደሞ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን ምልክት ማድረግ ነው። ሌባ ስትስል ቆብ፣ ሽርጥ፣ ማተብ፣ የሆነ አይነት ጸጉር ስታረግለት ያንን ለብሶ ሚሄደውን ሁሉ ሌባ ብለሃል፣ አላሰብኩም ብትል ወረቀቱ ያንን ነው ሚለው። የጥላቻ ንግግር አዋጅ 1185/2012 መኖሩን አትርሳ፣ ግን እኔ ህጉን ፈርቼ አይደለም ምለው፣ አብረን ነው ምንበላው እዚህ ከተማ ውስጥ። ሰውየው ምን እንዳደረገ ሳል፣ ከየት እንደመጣ ተወው።

6. ወሬውን ሳያጣሩ መሳል

"ካርቱን እኮ ቀልድ ነው" ሚል መከላከያ አለ። እኔም እንደዛ ነበር ምለው።

አንድ የቀበሌ ኃላፊ የእርዳታ ዘይት አውጥቶ ሸጠ ተባለ። ሶስት ሰው ነገረኝ፣ ሶስቱም ደሞ ከአንድ የጫት በርጫ ነው የሰሙት፣ ያንን አልጠየቅኩም። ጀሪካን ተሸክሞ በጓሮ በር ሲወጣ ሳልኩት፣ ያችን ዝነኛ ባርኔጣውን አድርጌ፣ ስም አልጻፍኩም ግን ከባርኔጣው በኋላ ምን ስም ያስፈልጋል። ወጣ። በሳምንቱ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሰውየው ራሱ መጣና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። "አንተ ነህ ሰአሊው?" አለኝ። ነኝ አልኩ። ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር። ከኪሱ የሆስፒታል ወረቀት አወጣ፣ ዘይቱ ወጣ በተባለበት ወር ሐረር ተኝቶ ነበር፣ ኦፕራሲዮን። "ልጄ ትምህርት ቤት ጀሪካን እያሉ ይጠሩታል" አለኝ፣ ተነስቶ ሄደ፣ ሻዬን ከፍሎ ነው ደሞ የሄደው።

አሁን ንገረኝ፣ ካርቱን ይቅርታ እንዴት ይጠይቃል? ዜና ከተሳሳተ "እርማት" ተብሎ ታች በትንሹ ይጻፋል። ስዕልን በምን ታርማለህ? ኤዲተሩ ሶስት መስመር እርማት አወጣ፣ ማንም አላነበባትም፣ ጀሪካኑን ግን ሁሉም ያስታውሳል። ዜና ይረሳል፣ ስዕል ዓይን ውስጥ ይቀራል፣ ለዛ ነው የካርቱን ሰሪ ማጣራት ከሪፖርተሩ ሚብሰው። በሁለተኛው ሳምንት ራሴን ሳልኩት፣ ጀሪካኑን እኔ ተሸክሜ፣ ከጀሪካኑ ቀዳዳ ዘይት ሳይሆን ወሬ ይፈሳል። ሰውየው አይቶት ይሁን አላውቅም። በመንገድ ሳገኘው ሰላም ይለኛል፣ በቃ እሱ ነው።

ህጉን በተመለከተ፣ በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238 በሚዲያ ሚደረግ ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶታል፣ ይሄ ለሙያው ትልቅ ነገር ነው፣ ግን በፍትሐብሔር ከስሶ ካሳ ማስከፈል አለ። "ስሙን አልጻፍኩም" ማለት አያድንህም፣ ባርኔጣው ስሙ ነው።

7. በምርቃና የመጣን ሃሳብ ማመን

ይቺ ለኛ አገር ልጆች ናት። ከሰአት 10 ሰአት ላይ፣ በርጫው ሲሞቅ፣ የመጣልህ ሃሳብ ሁሉ ዓለምን ሚለውጥ ነው ሚመስለው። ጻፈው፣ አትሳለው። ጠዋት ቁርስ በልተህ አንብበው። እኔ አንድ ደብተር ሙሉ አለኝ፣ አንዱ ገጽ ላይ በትልቁ "ግመሉ ራሱ ስልክ ነው!!!" ይላል። ምን ለማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

8. አንድ ሃሳብ ይዞ ኤዲተር ጋ መሄድ

አንድ ብቻ ይዘህ ከሄድክና እምቢ ካለህ ወይ ትጣላለህ ወይ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። ሶስት ረቂቅ ይዘህ ሂድ፣ በእርሳስ የተጫረ። አንዱ ኃይለኛ ይሁን፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ የኑሮ ነገር። ኤዲተር ደሞ መምረጥ ይወዳል፣ ሲመርጥ የራሱ ይመስለዋል፣ በኋላም አንድ ነገር ቢመጣ አብሮህ ይቆማል።

ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ከሆነ ደሞ ቀኑን አስላ። አንተ ማክሰኞ ሳልከው፣ ሐሙስ ማተሚያ ቤት ገባ፣ አንባቢ እጅ ሚገባው ቅዳሜ ነው፣ አራት ቀን ውስጥ ስንት ነገር ይገለበጣል። እኔ ስለ ውሃ መጥፋት ሳልኩ፣ ቧንቧ ውስጥ ሸረሪት ድር ሰርታ ልጆቿን ታስተምራለች፣ ጥሩ ነበረች። ጋዜጣዋ ድሬ በደረሰች ቀን ውሃ መጣ፣ ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ እየሮጠ ማን ጋዜጣ ያያል፣ እንደውም "ይሄ ልጅ በየሳምንቱ ይሳልልን" ብለው ሳቁብኝ። ስለ ክስተቱ ሳይሆን ክስተቱን ስለሚያመጣው ነገር ከሳልክ አራት ቀን አይገድለውም። ውሃው ዛሬ ቢመጣም ውሃውን ሚያጠፋው አሰራር እዛው ነው።

9. ገጸ ባህሪህን ማስለፍለፍ

በየሳምንቱ ሚመለስ አንድ ሰው መኖሩ ጥሩ ነው፣ አንባቢ እሱን ፍለጋ ነው ገጹን ሚገልጠው። ህንድ ውስጥ አር ኬ ላክስማን ከ1951 እ.ኤ.አ ጀምሮ ታይምስ ኦፍ ኢንዲያ ላይ ባለ ዳማ ኮት ሽማግሌ ይስል ነበር፣ ተራው ሰው ነው ሚሉት፣ ሚኒስትሮቹ ሲቀባጥሩ እሱ ጥግ ቆሞ ያያል፣ አንድ ቃል አይናገርም። የፍልስጤሙ ናጂ አል አሊ በ1969 የፈጠረው ሀንዳላ ደሞ ባዶ እግሩን የሆነ የአስር አመት ልጅ ነው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጀርባውን ሰጥቶህ ነው ሚቆመው፣ ፊቱን አታየውም። ናጂ ለንደን ውስጥ በ1987 በጥይት ተመቶ ሞተ፣ ሀንዳላ ግን ዛሬም በየግድግዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ አለ። ሁለቱም ዝም ያሉ ናቸው፣ ይሄን ልብ በል።

የኔ ባለ ሽርጥ ሽማግሌ ነበር፣ መቀነቱ ውስጥ መፋቂያ የሻጠ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያይ ነበር፣ ሰው ወደደው። ከዛ እኔ ስታበይ በሱ አፍ መናገር ጀመርኩ፣ መጀመሪያ አንድ ቃል፣ ከዛ አንድ አረፍተ ነገር፣ ሁለት አመት ሳይሞላው ሽማግሌው ርዕሰ አንቀጽ ማንበብ ጀመረ። ሰው ተወው። እትዬዋ ናት የነገረችኝ፣ "ሽማግሌው ድሮ እንደኛ ነበር፣ አሁን ካድሬ ሆኗል" ብላ። አፉን ዘጋሁት፣ ለመመለስ ግን ከአመት በላይ ፈጀበት።

10. ኤአይ

አጭር ነው፣ አዝዘህ ስዕል ማውጣት ትችላለህ፣ ያምራልም፣ ግን የወጣው ላይ ያለውን ፊደል አይተኸዋል? ግዕዝ ሚመስል ግን ያልሆነ፣ "ሐ" እና ወንበር የተጋቡበት ነገር ነው ብዙ ጊዜ። ሰዉም ድሬን አይመስልም፣ የትም አገር ሰው ነው። ለመለማመጃ ተጠቀምበት፣ ስምህን ግን አትጻፍበት።

11. ገንዘቡን ማፈር፣ ውሉን አለማንበብ

"ስም ታወጣበታለህ" ብለው በነጻ ሚያሰሩህ አሉ። እኔ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስምንት ወር በስም ብቻ ሰራሁ፣ አከራዬ ግን ስም አይቀበልም። በኋላ ካርቱኖቼን ሰብስበው በካላንደር አሳትመው ሲሸጡ አየሁ፣ ስጠይቅ ምን ውል አለህ ተባልኩ። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ላይ ተቀጥረህ ወይ ታዘህ የሰራኸው ስራ በውል ሌላ ነገር ካልተጻፈ መብቱ ያሰራህ ሰው ነው ሚሆነው፣ ስለዚህ ውሉ ላይ "ለአንድ ጊዜ ጋዜጣ ህትመት" ሚል አንድ መስመር አስጽፍ። አንድ መስመር ናት። ማስጻፍ ያሳፍራል ካልክ ካላንደሩ ሲሸጥ ይበልጥ ያሳፍርሃል።

አንድ ጋዜጣ ላይ ብቻም አትንጠልጠል። ጋዶ ሚባለው ታንዛኒያዊ በምስራቅ አፍሪካ ከሱ በላይ ሚታወቅ የጋዜጣ ካርቱኒስት ማን አለ፣ ኬንያ ኔሽን ላይ ከ1992 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሰርቶ በ2016 ተለያዩ። እሱ ቀድሞ በቴሌቪዥን በአሻንጉሊት ምጸት ሚሰራበት ሌላ መንገድ ስለከፈተ ባዶ እጁን አልቀረም። አንተም የትምህርት መጽሐፍ ሳል፣ ማስታወቂያ ሳል፣ ለባጃጅ ጀርባ ጻፍ፣ ምን ያሳፍራል፣ እኔ የሁለት አመት የቤት ኪራይ የከፈልኩት በፋርማሲና በጁስ ቤት ታፔላ ነው።

12. ኦሪጅናሉን አለማስቀመጥ

ኦሪጅናል ማለት ለኔ ከታተመ በኋላ ቆሻሻ ነበር። ግማሹ ማተሚያ ቤት ቀረ፣ ግማሹን ለሰው ሰጠሁ፣ የተረፈውን በካርቶን አርጌ ደቻቱ ዳር እህቴ ቤት አልጋ ስር ከተትኩት። 1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት ጎርፉ መጣ። ደቻቱን ሚያውቅ ያውቀዋል፣ አመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ዝናቡ ሚዘንበው ደጋው ላይ ነው፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ውሃው ይደርሳል። ከ200 በላይ ሰው ነው የሄደው። እህቴና ልጆቿ ጣራ ላይ ወጥተው ተረፉ፣ ካርቶኑን ያነሳው ሰው የለም፣ እኔም ያኔ ስለ ካርቶን ብጠይቅ ሰው አይደለሁም። ከወራት በኋላ ነው ሰባት አመት እዛ ውስጥ እንደነበረ ትዝ ያለኝ።

አሁን ያለኝ አርባ ሶስት ወረቀት ነው። ስድስቱን ያገኘሁት ከድሮው ኤዲተር መሳቢያ፣ አንዷን ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በጭስ ቡና መስላ፣ እትዬዋ በሚስማር መትታት ኖሯል፣ ያቺ የቧንቧዋ ሸረሪት። ውሰዳት አለችኝ፣ በምትኩ ሌላ ሳልልኝ ብላ። ማክሰኞ ማክሰኞ ስካነር ያለው ልጅ ጋ እየሄድኩ አምስት አምስት እያረግኩ እያስገባሁ ነው፣ አንድ ኮፒ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ኮፒ አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ጋ። ሸረሪቷ የመጨረሻ ናት፣ ከግድግዳው ስትነሳ አንድ ጥግ ተቀዷል፣ ስካን ከማረጌ በፊት መጣበቅ አለባት።